ዝም ያለ ሁሉ አላወቀም አይባልም



«ባህል» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን በበዓል ቀን መድረክ ላይ የሚቀርበው ዘፈን፣ ጭፈራና አለባበስ ነው። ይህ ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን ባህል መድረክ ላይ ከሚወጣበት ቀን ይልቅ ከመድረክ ውጭ የሚውልበት ቀን ይበዛል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ቡና ሲጠጣ፣ አንድ ልጅ በአስተማሪው ፊት ሲቆም፣ እናንተም በመኝታ ክፍላችሁ አልጋ ለአልጋ ሆናችሁ ስትጫወቱ ባህል በመካከላችሁ አለ። እኛ የምንጣላውም የምንዋደደውም በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ትልቁ መድረክ ሳይሆን ስለ ትንሹ የዕለት ተዕለት ግንኙነት ላጫውታችሁ እወዳለሁ። የምጀምረውም በራሴ ጥፋት ነው።

ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በአካባቢያችን ትምህርት ሁሉ በአማርኛ ብቻ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ፣ ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ አንድ የገጠር ት/ቤት ደረሰኝ። ያስተምር የተባልኩት አንደኛ ክፍልን ነው። ከልጆቹ መካከል ዕድሜው ከጓደኞቹ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ስጠይቀው ይነሣል፤ እጆቹን ያጣምራል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ አይናገርም። «ቁጠር» ስለው ዝም። «ይህ ምንድን ነው?» ስለው ዝም። «እያየኸኝ ተናገር እንጂ!» ብዬ ስቆጣው ይባስ ብሎ አንገቱን ይደፋል። አንድ ወር ያህል ታገሥኩ። ከዚያ በኋላ ከስሙ ትይዩ «ደካማ» ብዬ ጻፍኩና ተገላገልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብሴን ላጥብ ወንዝ ወርጄ ያንኑ ልጅ ከፍየሎች ጋር አገኘሁት። የሁለት እረኞች መንጋ ተቀላቅሎ ጠብ ተነሥቷል። ልጁ በመካከላቸው ቆሞ ፍየሎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ይለያል፤ ይቆጥራል፤ አንዱን ገሥጾ ሌላውን ያባብላል። የሚበልጡት ልጆች ሳይቀሩ ያዳምጡታል። ያ አንደበቱ የተቆለፈ የመሰለኝ ልጅ እንደ ሽማግሌ ይዳኛል ማለት ነው! የሚናገረው ግን በኽምጣና፣ ብዙ ሰው አገውኛ በሚለው ቋንቋ ነው። እኔ አንዲት ቃል አልገባኝም። በዚያች ሰዓት ዲዳ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ማታ ላይ ነገሩን ላከራዬ አጫወትኳቸው። አዛውንት ናቸው። ሳቁና «እንግዲህ መምህር፣ እሱ በቤቱ የሚያውቀው አገውኛ ነው፤ አማርኛውን ገና መልመዱ ነው። ደግሞስ ያስተማሪውን ዓይን እያየ እንዴት ይመልስ? እንዲያ ቢያደርግማ ያልተቀጣ ልጅ እንለው ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኔ በአንድ ልጅ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንደኛ፣ ቋንቋዬን አለማወቁን ምንም እንደ አለማወቅ ቆጠርኩት። ሁለተኛ፣ አክብሮቱን እንደ ጥፋተኝነት ወይም እንደ ድንዛዜ ተረጎምኩት። ልጁ የተማረውን ጨዋነት በትክክል እየፈጸመ ነበር፤ እኔ ግን በእኔ ሚዛን መዘንኩት።

ለመሆኑ ባህል ምንድን ነው?

ባህል ማለት አንድ ማኅበረሰብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲቀባበለው የመጣ የአኗኗር፣ የአነጋገር፣ የአስተሳሰብና የአሠራር ልማድ ነው። ይህ ልማድ የሚታይ ክፍል አለው፤ የማይታይ ክፍልም አለው። የሚታየው ልብሱ፣ ምግቡ፣ የቤቱ አሠራር፣ ዘፈኑ ነው። የማይታየውን ግን በጥያቄ ካልሆነ አናገኘውም። ይኸውም፦ ሲገናኙ ቀድሞ ሰላምታ የሚሰጠው ማን ነው? ታላቅ ሲናገር ታናሽ ወዴት ያያል? አንድ ሰው «እሺ» ሲል ተስማማሁ ማለቱ ነው ወይስ ሰማሁ ማለቱ ነው? እንግዳ «በቃኝ» ሲል እውነት በቅቶት ነው ወይስ «በሞቴ» እስኪባል እየጠበቀ ነው?

የዚህ የማይታይ ክፍል አስቸጋሪነቱ ለባለቤቱም የማይታየው መሆኑ ነው። ሰው የገዛ ቤቱ ጢስ አይሸተውም፤ የሚሸተው እንግዳውን ነው። ስለሆነም የራሳችንን ልማድ «ባህል» አንለውም፤ «ደንብ» ወይም «ጨዋነት» እንለዋለን። የሌላው ሰው ልማድ ከእኛ የተለየ ሲሆን ግን «ነውር»፣ «ኩራት»፣ «ድንቁርና» የሚል ስም እንሰጠዋለን። ብዙ ጠብ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ዋግን እንደ ምሳሌ እንውሰድ

ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን ያለንበትን አገር እንመልከት። ቀድሞ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የዋግ አውራጃ ይባል የነበረው አገር ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። ከሰቆጣ ሌላ ደሃና፣ ጋዝጊብላ፣ ዝቋላ፣ አበርገሌና ሰሐላን የመሳሰሉ ወረዳዎች አሉት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ400,000 በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። በዚህ አገር ኽምጣና ይነገራል፤ አማርኛ ይነገራል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ትግርኛ ይሰማል። በገበያ ቀን አንድ ማር ሻጭ ከአንዱ ደንበኛ ጋር በኽምጣና፣ ከሌላው ጋር በአማርኛ ሲከራከር ብትሰሙት አይግረማችሁ። እሱ «ዛሬ የባህል ልዩነትን አስተናገድኩ» አይልም። ማሩን ነው የሸጠው።

ኽምጣና ከኩሽ ቋንቋዎች ውስጥ የአገው ምድብ ነው። ዘመዶቹም የአዊ ሕዝብ የሚናገረው አዊኛ፣ በጎንደር በኩል የቅማንት ቋንቋ፣ በኤርትራ ደግሞ በከረን አካባቢ የሚነገረው ቢለን ናቸው። «ውኃ» የሚለው ቃል በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ የሚቀራረብ ድምፅ አለው። ወንድማማቾች ተራርቀው ቢኖሩም የእናታቸውን ቃል ይዘዋል ማለት ነው።

በታሪክም ቢሆን ይህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት የዛጉዌ ነገሥታት ከአገው ወገን እንደነበሩ ይታወቃል። ዋግን ሲያስተዳድሩ የኖሩት ዋግሹሞችም ዘራቸውን ከዛጉዌ ይቆጥሩ ነበር። ከነዚህም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል።

ከዚህ ይበልጥ ደግሞ ነገሩ በየአፋችን ውስጥ አለ። በግዕዝ «በልዐ ብእሲ ኅብስተ» ሲባል ግሡ ከፊት ይመጣል። በአማርኛ ግን «ሰውዬው እንጀራ በላ» እንላለን፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የቋንቋ ሊቃውንት አማርኛ ይህን የመሰለ አቀማመጥ የያዘው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው ጋር ለብዙ ዘመን አብሮ በመኖሩ ነው ይላሉ። ስለዚህ አንድ አማርኛ ተናጋሪ «እኔ ከአገውኛ ምን አለኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ዓረፍተ ነገሩን ራሱን በአገው ወግ ደርድሮ ነው የሚጠይቀው!

የውጭ አገር ሰዎችም ይህን ቋንቋ ለጥናት የሚበቃ ሆኖ አግኝተውታል። ሊዮ ራይኒሽ የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለዚሁ የኽምር ቋንቋ ጥናት አሳትሟል። እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የሰዋስው ጥናት አውጥቶለታል። ታዲያ ሊቃውንት ባሕር ተሻግረው የሚያጠኑትን ቋንቋ የቋንቋው ልጅ በክፍል ውስጥ ሲያፍርበት ማየት አያሳዝንም ወይ? ያሳፈረውስ ማን ነው? ያ ወንዝ ዳር ያየሁት ልጅ በቋንቋው አላፈረም ነበር። ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።

እርግጥ ነው፣ ጉዳዩ የአንድ አስተማሪ ጥፋት ብቻ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትልቅ ሥራ የሠራ ሲሆን፣ ውሎ አድሮ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ይካሄድ ነበር። ኽምጣና ግን ከነዚህ ውስጥ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ በኋላ ኽምጣናም ወደ ት/ቤት ገብቷል። ሆኖም መጽሐፍ ስለታተመ ብቻ የአስተማሪው ዓይን አይለወጥም። ዓይናችንን የምንለውጠው እኛው ነን።

በየዕለቱ የሚያጋጥሙን ነገሮች

ሀ. ሰላምታ፦ የከተማ ሰው «ሰላም ነው?» ብሎ ያልፋል። የገጠሩ ሰው ግን እንደምን አደርክ ብሎ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ይጠይቃል፤ መልሱን ይጠብቃል፤ እሱም በተራው መጠየቅን ይሻል። አንድ አዲስ መምህር ወደ ክፍል እየሮጠ «ይቅርታ ቸኩያለሁ» ቢል በእሱ ቤት ሰዓት ማክበሩ ነው። በሰውዬው ቤት ግን ናቀኝ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መነሣት።

ለ. ዝምታ፦ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይባላል። በብዙ የአገራችን ቤቶች ልጅ በታላቅ ፊት እንዳይቀድም፣ ሳይጠየቅ እንዳይናገር ተደርጎ ያድጋል። እኛ ደግሞ በሥልጠናችን «የተማሪ ተሳትፎ» እንላለን። ተሳትፎ መፈለጋችን ትክክል ነው። ግን ልጁ ዝም ሲል ስንት ዓይነት ዝምታ እንዳለ እንወቅ፦ ያለማወቅ ዝምታ አለ፤ የአክብሮት ዝምታ አለ፤ የፍርሃት ዝምታ አለ፤ መልሱን ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ወደ አማርኛ እየገለበጠ ያለ ልጅ ዝምታም አለ። የመጨረሻው ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጠይቀን በልባችን እስከ አሥር ብንቆጥር ብዙ ልጅ ይናገራል።

ሐ. ስም፦ «ኽ» የምትለው ድምፅ ስለከበደችን የልጁን ስም በመዝገብ ላይ ቆርጠን ወይም ለውጠን የምንጽፍ አለን። በመኝታ ክፍልም ጓደኛችንን በአገሩ ስም ወይም በአነጋገሩ ቅላጼ ቅጽል ስም እናወጣለታለን። «ኧረ ጨዋታ ነው!» እንላለን። እሱም ይሥቃል። ምን ያድርግ? አብሮ ካልሣቀ «ተቀያሚ» ሊባል ነው። ጨዋታ መሆኑን የሚያውቀው የተቀለደበት ሰው ነው እንጂ ቀላጁ አይደለም። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻውን ሲሆን «እንዲህ ስንልህ ይከፋሃል ወይ?» ብለን ብንጠይቀው መልሱ ሊያስደነግጠን ይችላል።

መ. ማዕድ፦ በወሎ የቆየ አንድ መልካም ልማድ አለ። ክርስቲያንና እስላም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ታዲያ በሠርግ ወይም በተዝካር ጊዜ ክርስቲያኑ ባለቤት ለእስላም ጎረቤቶቹ ከራሳቸው ወገን የሚያርድ ሰው ጠርቶ፣ ለብቻ አሳርዶ፣ ለብቻ አሠርቶ ያበላል። እስላሙም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ነገር ደኅና አድርገን እንመልከተው። ማንም እምነቱን አልተወም። ማንም «ልዩነት የለንም» ብሎ አልዋሸም። ልዩነቱን አውቀው ሌላ ምጣድና ሌላ ድስት ጣዱለት፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ልዩነት ከዚህ የተሻለ ትምህርት በመጽሐፍ አይገኝም።

ሠ. በዓል፦ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ የሰቆጣ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ለምለም ቄጠማ መሳይ ሣር አሥረው ሻደይ ይጫወታሉ። ይኸው ጨዋታ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። አራት ስም፣ አራት አጨዋወት፣ አንድ ወገብ የሚታሠር ሣር። ከየአገሩ የመጡ ሠልጣኝ እኅቶቻችን በአንድ መኝታ ክፍል ሲገናኙ «ዋነኛው የእኛ ነው» ብለው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው የሚታሠረው? እስቲ አሳዩኝ» ቢባባሉ ግን ክርክሩ ወደ ጨዋታ ይለወጥ ነበር። አንዷ በእርግጥ እንዲህ ብላ ጠይቃ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጫወቱ አመሹ፤ በማግሥቱም ክፍል ውስጥ አንቀላፉ። ለእንቅልፉ ይቅርታ አድርጌላቸዋለሁ።

ሌላው ስሕተት

እስካሁን «ባህሉን አላወቅንም» ስንል ቆይተናል። የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። ይኸውም ሰውን በሙሉ በባህሉ መተርጎም ነው። አብሮን የሚኖር ጓደኛ ለብቻው መብላት ቢጀምር «የአገራቸው ልማድ ነው» ብለን እንተወዋለን። ልጁ ግን ገንዘብ አልቆበት ይሆናል፤ ታሞ ይሆናል፤ ከቤቱ ክፉ ወሬ ሰምቶ ይሆናል። ከአንድ አካባቢ የመጣ አንድ ሰው ስላታለለን «የዚያ አገር ሰዎች እንዲህ ናቸው» እንላለን። የእኛ አገር ሰው ሲያታልለን ግን «እገሌ አታላይ ነው» ብለን በስሙ ብቻ እንጠራዋለን። ለራሳችን ወገን ስም አለን፤ ለሌላው ወገን ግን መንጋ። ይህ ፍርድ ነው ወይ?

ይህ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ዋግ ኽምራ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ት/ቤቶች ተዘግተዋል። አበርገሌ የሚባል ወረዳ በዋግም አለ፤ ከወሰን ማዶ በትግራይም አለ። እዚህና እዚያ ያለው ሕዝብ በጋብቻ፣ በአበልጅነትና በገበያ የተሳሰረ ነው። ጦርነቱ በትልቁ ሜዳ ሲካሄድ በትንሹ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር፦ የልጄ ባል ከወዲያ ነው፤ የክርስትና ልጄ ከወዲያ ነው፤ ምን ልበል? ቀድሞ ጨዋታ የነበረች ቅጽል ስም በዚያን ጊዜ ቁስል ሆነች። ከእናንተ መካከል ይህን በቤታችሁ ያያችሁ አላችሁ። ወደፊት በምታስተምሩበት ክፍልም አባቱን ያጣ ልጅ ይቀመጣል። አጠገቡ ደግሞ አነጋገሩ የሚያስበረግገው ልጅ ሊቀመጥ ይችላል። «እርሱት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለዚህ ነው ስለ ሰላምታና ስለ ቅጽል ስም ይህን ያህል የማወራው።

አብሮ መቀመጥ ብቻውን ይበቃልን?

«አብረው ከተቀመጡ ይላመዳሉ» የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎርደን አልፖርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ስለ ጭፍን ጥላቻ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ጉዳይ መርምሮታል። እሱ እንደሚለው የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፤ ሁለተኛ፣ የጋራ ዓላማ ሲኖራቸው፤ ሦስተኛ፣ ዓላማውን በውድድር ሳይሆን በመተባበር ሲሠሩት፤ አራተኛ፣ የበላይ አካል ወይም ሕግና ልማድ ሲደግፋቸው ነው። እነዚህ ከሌሉ አብሮ መቀመጥ ጠቡን ሊያብሰውም ይችላል። እኔና ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል፤ ግን በእኔ ቋንቋ፣ በእኔ ሚዛን ስለነበር አልተገናኘንም።

ሌላው አሜሪካዊ ኤሊዮት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ይህን አሳብ ወደ ክፍል አስገባው። ጥቁር፣ ነጭና የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ልጆች ገና አንድ ላይ መማር ጀምረው እርስ በርስ ይጣሉ ነበር። አሮንሰንና ጓደኞቹ ልጆቹን በአምስት ወይም በስድስት ከፋፈሏቸው። ትምህርቱንም ቆራርጠው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጡት። ሙሉውን ትምህርት ለማግኘት እያንዳንዱ ልጅ የሌላውን ማዳመጥ ግድ ሆነበት። የናቁትን ልጅ ካላዳመጡ ፈተና ይወድቃሉና!

ይህን ዘዴ እኛ አገር መሥራት ይቻላል። ምሳሌ ልስጥ። ዋግ በማር የታወቀ አገር ነው፤ እንግዲህ የትምህርቱ ርእስ «ንብ» ይሁን። አንዱ ልጅ ስለ ቀፎ አሠራር፣ ሁለተኛው ንቦች ስለሚቀስሙት አበባ፣ ሦስተኛው ስለ ጉንዳንና ስለ ሌሎች የንብ ጠላቶች፣ አራተኛው ስለ ማር አቆራረጥ፣ አምስተኛው ስለ ማር ገበያ ከቤተሰቡ ጠይቆ ይምጣ። በሚችለው ቋንቋ ያስረዳ፤ ቃል ያጠረው እንደሆነ ጓደኛው ይርዳው። በዚያን ጊዜ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ የቡድኑ መምህር ይሆናል። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ የአገሩን ነገር የሚያውቀው የአገሩ ልጅ ነው።

ምን እናድርግ?

ነገሩን ለማሳጠር፣ ለእጩ መምህራን የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1. የተመደባችሁበትን አካባቢ ቋንቋ ባትችሉ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታውን፣ «አመሰግናለሁ»ንና «አልገባኝም»ን ተማሩ። አስተማሪያችሁም ከተማሪዎቻችሁ አንዱ ይሁን። ልጅ መምህሩን ሲያስተምር ማፈሩን ይተዋል።

2. የልጆቹን ስም እናታቸው እንደምትጠራው ጥሩ። ካቃታችሁ «እስቲ ድገምልኝ» በሉ። አያሳፍርም።

3. አንድ ሰው ያደረገው ነገር ሲያስቆጣችሁ ወዲያው «ባለጌ» ከማለታችሁ በፊት «በእሱ ቤት ይህ ምን ማለት ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ግን ከራሳችሁ አታምጡት፤ ከአካባቢው ሽማግሌ፣ ከባልደረባ፣ ከሰውዬው ከራሱ ጠይቁ። «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል።

4. በባህል አታመካኙ። ልጃገረድን ከትምህርት አስቀርቶ መዳር ልማድ ነው ቢባልም ልጅቷን የሚጎዳ ነው። ማክበር ማለት ሁሉን መቀበል ማለት አይደለም። ግን ነቀፋችሁ ወላጆቹን ያዋረደ እንደሆነ ማንም አይሰማችሁም፤ ከአንድ ሰው ጋር ለመከራከር በመጀመሪያ ቡናውን መጠጣት ያስፈልጋል።

5. ከመኝታ ክፍላችሁ ጀምሩ። ከእናንተ በቋንቋ፣ በእምነት ወይም በአገር የሚለይ አንድ ጓደኛ ያዙ። እሱን ስለ ባህሉ ንግግር እንዲያደርግ አታስገድዱት፤ አብራችሁ አጥኑ፣ አብራችሁ ልብስ እጠቡ፣ የታመመ ጊዜ ጠይቁት። ቀሪው በራሱ ይመጣል።

መደምደሚያ

ያ ልጅ የት ደረሰ ትሉኝ ይሆናል። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ በአንድ ተማሪ አስተርጓሚነት ፍየሎቹን እንዴት እንደለያቸው ጠየቅኩት። በመጀመሪያ ዝም አለ። ጠበቅኩት። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሣ፣ በኽምጣና፣ ረጅም መልስ ሰጠ። አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ አቋረጠውና «መምህር፣ ይህን በአማርኛ አላውቀውም» አለኝ። ከስሙ ትይዩ የጻፍኳትን ቃል የዚያኑ ዕለት ሰረዝኳት።

የመንፈቁ ውጤት ግን ቀደም ብሎ ለወላጆች ተነግሮ ነበር። አባትየው «ልጄ ለትምህርት አልተፈጠረም» ብለው በሁለተኛው ዓመት ከፍየሎቹ ጋር አስቀሩት። ሄጄ ለመንኳቸው። በአክብሮት ተቀበሉኝ፣ እርጎ አቀረቡልኝ፣ «እሺ» አሉኝ። «እሺ» ማለት ሰማሁህ ማለት እንደሆነ የገባኝ ልጁ ሳይመጣ ሲቀር ነው።

ውድ እጩ መምህራን፤ እናንተ ከእኔ የተሻለ ዕድል አላችሁ። መጽሐፉ አለ፤ ቋንቋው ክፍል ገብቷል፤ አብረዋችሁ የሚሠለጥኑ ኽምጣና ተናጋሪ ጓደኞች አሏችሁ። ዛሬ ማታ ከመኝታ በፊት አንዱን «ደኅና እደር በእናንተ ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁት። እሱም ይነግራችኋል። ስትሳሳቱ ይሥቅባችሁ። ከዚያ ነው የሚጀመረው።